ከዳዊትህ ማኅደር ያገኘነው ወረቀት

ይርጋዬ፤

ከተለያየን የፊታችን ፍልሰታ ዐሥራ ሦስት ዓመት ይሞላዋል። በሰው ፊት «አንቱ»፣ በራችን ሲዘጋ «አንተ» እያልሁህ ነው የኖርሁት። ይህን ደብዳቤ ሌላም ሰው እንዲያነበው ብዬ ብጽፈውም፣ በሩ እንደ ተዘጋ ቆጥሬ «አንተ» እልሃለሁ። የምነግርህ ነገር በሕይወት ሳለህ በዚያ ቤት ውስጥ ልንነጋገረው ሲገባን ሁለታችንም ያልደፈርነው ነውና።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። በአጥሩ ጥግ የተከልኸው ወይራ ከጣሪያችን በልጧል። ባጃጅ እስከ በራችን ይመጣል፤ ጭቃው ግን ያው ነው። ንባብ ካስቆጠርሃቸው ልጆች ሁለቱ ቀስሰዋል። እኔ ጡረታ ወጥቼም የሱቅ ሰሌዳ ላይ የተሳሳተ ፊደል ካየሁ ገብቼ ሳልናገር አላልፍም፤ ባለሱቆቹ «መምህርት መጡ» እየተባባሉ ይሣቃሉ። በውጭው ክፍል ብቻህን ትተኛበት የነበረው መደብ ፈርሷል። በቦታው የልጃችን የስንዱ አልጋ ቆሟል። የምጽፍልህም ስለዚያው ስፍራ ነው።

ስንዱ ከአንበሳሜ ከተመለሰች ሦስት ዓመት ሆናት። ሣጥኗን በባጃጅ ጭና መጥታ «ትዳሩ አልሆነም» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ባሏን ደውዬ ብጠይቀው «ልጅዎ ሌሊት ሌሊት ትለወጣለች፤ እኔ ሰው ነኝ፣ አልቻልሁም» አለኝ። መለወጧ እንዴት እንደ ሆነ አልጠየቅሁትም። ስለ ጠባይዋ የሚያወራ መሰለኝና ስልኩን ዘጋሁት። ለልጄም «ባል የሚያሸሽ ጠባይ ከየት አመጣሽ» አልኋት። አንገቷን ደፋች። ያን ቀን ብጠይቀው ኖሮ ብዙ ነገር ቀድሞ ይገለጥልኝ ነበር።

በእኛ ቤት ልብስ የሚታጠበው ቅዳሜ እንደ ሆነ ታውቃለህ። ባለፈው ዓመት አንድ ረቡዕ ጠዋት አንሶላ ገመድ ላይ ተሰጥቶ አየሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሰኞ። ስንዱ ከእኔ ቀድማ እየተነሣች አጥባ፣ ለብሳ፣ ወደ ሥራ ልትሄድ ቆማ አገኛታለሁ። በዚያው ጠዋት ሻዩ ካልበረደ አትጠጣም፤ ምላሷ ጠርዙ ላይ ቆስሏል። «በሕልሜ ነክሼው ነው» አለችኝ። ትከሻዋንና ባቶቿን ታሻለች፣ ቀኑን ሙሉ እህል ስትሸከም እንደ ዋለች። የነገርኋትንም ሁለት ጊዜ ካልነገርኋት አትይዘውም ነበር።

ይህን ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ አልሁ በልቤ። የት እንዳየሁት ግን ማስታወስ አልፈለግሁም።

አንተ ግን ታስታውሳለህ። ቅዳሴ በሚኖርህ ቀን ዋዜማ፣ እንደ ሥርዓቱ፣ በውጭው ክፍል መደብ ላይ ለብቻህ ትተኛ ነበር። በኋላ ቅዳሴ ባይኖርህም እዚያው መተኛት ጀመርህ። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ከእኔ ቀድመህ ተነሥተህ አንድ ነገር በብብትህ ይዘህ ከከተማው ወጥተህ የጋፋትን መንገድ ስትይዝ ጎረቤቶች አዩህ። ስትመለስ ጋቢህ እርጥብ ነው። «ዝናብ መታኝ» ትለኛለህ፤ በጥርም በየካቲትም። ከዚያ ቅዳሴ መቅረት ጀመርህ፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያም ፈጽሞ። ልብሰ ተክህኖህን አጥፈህ ለአለቃው መለስህና ከምእመናን ጋር በዛፉ ሥር ቆመህ ታስቀድስ ጀመር።

ቄስ ከመቅደስ በፈቃዱ ሲወጣ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። በቁርባን ያገባ ካህን ሌላ ሴት ጋር ከሄደ ክህነቱ ፈርሷል። «ጋፋት አንዲት አለች» አሉ። ጎረቤታችን እትዬ ዘርፌ በቀጥታ አልነገረችኝም፤ «እናኑ፣ እግር የለመደውን መንገድ አይስትም» ብላ ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች። እኔም አመንሁ። አልጠየቅሁህም፣ አላለቀስሁም፣ አልተጣላሁህም። ምግብህን አቀረብሁ፣ ልብስህን ተኮስሁ፣ «አንቱ» ማለቴን በቤት ውስጥም ጀመርሁ። ያን ጊዜ ቀና ብለህ አየኸኝ፤ ያ አስተያየትህ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ከዚያ እስከ ሞትህ በነበረው ሰባት ዓመት ውስጥ አንድ ጥያቄ ብቻ ብጠይቅህ ይበቃ ነበር።

ተማሪዎቼን ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ «ያየኸውን ጻፍ፣ የገመትኸውን ተው» እያልሁ አስተማርሁ። እኔን ያስተማሩኝ መምህርትም በዚህ ነገር ጣት በማስመሪያ ይመቱ ነበር። በአንተ ላይ ግን ያየሁት እርጥብ ጋቢ ነበር፤ የጻፍሁት የሌላ ሴት ነውር።

ወደ ስንዱ ልመለስ። በደብረ ታቦር በዓል ዋዜማ ማኅሌት ቆማ አደረች። ረፋድ ላይ ተመልሳ «ጥቂት ላሸልብ» ብላ ጋደም አለች። እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር። የታፈነ ጩኸት ሰማሁ፤ በግ ሲታረድ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። ስገባ ዓይኗ ተገልጧል፣ ግን እኔን አያይም። ሰውነቷ እንደ ጣውላ ደርቋል። ፊቷ ወደ ግራ ዞሯል። ከዚያ ክንዷና እግሯ በአንድ ምት መንቀጥቀጥ ጀመሩ፤ ከአፏ ደም የቀላቀለ አረፋ ወጣ። እትዬ ዘርፌ ጩኸቴን ሰምታ ክብሪት ይዛ ሮጣ ገባች። «የክብሪቱን ጭስ ላሽትታት፣ አትንኪያት» አለችኝ። እኔ ግን ነካኋት፣ ልጄ ናትና። ቀና ብዬ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ፤ የመምህር ልማድ ይሁን ፍርሃት አላውቅም። ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ከዚያ እያንኮራፋች ተኛች፤ አልጋው ርሷል። ስትነቃ «ለምን ከላዬ ቆማችኋል» አለች። ምንም አታውቅም።

እትዬ ዘርፌ በር ላይ አስቁማ «የቄስ ልጅ ናት፣ ጠበል ይበቃታል፣ ለሰው እንዳትነግሪ» አለችኝ። ለጠበሉ ክብር አለኝ፤ ለዝምታው ግን አቅም አልነበረኝም። በማግሥቱ ስንዱን ይዤ ሐኪም ቤት ሄድሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ የአንበሳሜ ልጅ። የልጅቱን ደረት ከማዳመጡ በፊት እኔን መጠየቅ ጀመረ። ማን አየ? ተኝታ ነበር ወይስ ነቅታ? ዓይኗ ተገልጦ ነበር ወይስ ተከድኖ? የቱ እጅ ቀደመ? ፊቷ ወዴት ዞረ? ስንት ደቂቃ? ከዚያ በፊት ያለውን ሌሊት ተኝታለች? የቱ እጅ እንደ ቀደመ አላውቅም ነበር፤ በዚህ ዕድሜዬ የቤት ሥራውን ሳይሠራ እንደ መጣ ተማሪ አፈርሁ። ቅዠት እንዳይሆን፣ በእንቅልፍ መሄድ እንዳይሆን፣ የልብ ድካም እንዳይሆን አንድ በአንድ እያነሣ ጠየቀ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «እማማ፣ የሚጥል በሽታ ሁሉ ሰውን ገበያ መሀል አይጥልም። አንዳንዱ እንቅልፍ ሲወስድ ወይም ሊነቃ ሲል ብቻ ይመጣል። ባለቤቱ አያየውም። ጠዋት የሚያገኘው የተነከሰ ምላስ፣ የራሰ አልጋና የደከመ ሰውነት ነው። ብቻውን ለሚተኛ ሰው ዓመታት ሳይታወቅ ይሄዳል።»

ብቻውን ለሚተኛ ሰው። ይህን ሲል እጄን ጉልበቴ ላይ አጥብቄ ያዝሁ።

«በቤተሰብ እንዲህ ያለ ሰው ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። «የለም» አልሁት፣ ክፍል ውስጥ በምናገርበት ድምፅ። ይርጋዬ፣ ይህን ውሸት ልበለው ወይስ ስሕተት፣ አንተ ፍረደው።

ባሕር ዳር ልኮን የአንጎሏን ኤሌክትሪክ የሚቀዳ ምርመራ ተደረገላት። ራሷ ላይ ብዙ ቀጫጭን ሽቦ ለጥፈው፣ እርሷ ነቅታ፣ መሣሪያው መስመር ጻፈ። መስመሩ ጤነኛ ነው አሉን። እትዬ ዘርፌ ስትሰማ «ይኸው፣ ነጻ ናት» ብላ እልል አለች። ሐኪሙ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ሌባው ተኝታ ሲመጣ እኛ ነቅታ ፈለግነው» አለ። «አንድ ንጹሕ ወረቀት በሽታው የለም ማለት አይደለም። ጥቂት ብቻ ተኝታ ትምጣ፣ እዚያው ሽቦው ሥር ትተኛ።»

ለምርመራው በምንሄድበት ዋዜማ ሌሊት፣ ስንዱ እንቅልፍ እንዳይጥላት «የአባባን ዳዊት ስጭኝ፣ ላንብብ» አለችኝ። ዳዊትህን ከሞትህ ወዲህ አልነካሁትም ነበር። ከግድግዳው አውርጄ ማኅደሩን ስፈታው፣ ከሥሩ አራት እጥፍ የሆነ ወረቀት ወደቀ። የእጅ ጽሕፈትህን ከሺህ መካከል አውቀዋለሁ። እንዲህ ይላል፦

«ታኅሣሥ ገብርኤል። ማኅሌት ቆሜ አድሬ ጥቂት ተኛሁ። ልብሴ ረጥቦ፣ ምላሴ ደምቶ ነቃሁ። መቅደስ አልገባሁም።»

«ፍልሰታ፣ ሰባተኛው ቀን። ሰዓታት አድሬ። እንደ ፊተኛው። ጋፋት ሄጄ ጅረቱ ላይ አጠብሁ።»

«የካቲት ኪዳነ ምሕረት። እንደ ፊተኛው። አካሌ ሁሉ ዝሏል። ሕልሙን አላስታውሰውም። እግዚአብሔር ምን ያየብኝ ይሆን።»

ገጹ ከላይ እስከ ታች እንዲህ ነው። የመጨረሻው መስመር፦ «እናኑ አንቱ አለችኝ። ሳትሰማ አልቀረችም።»

ስንዱ ጮኻ አነበበችው፤ ከዚያ ድምፅዋ ቆመ። ያን ጊዜ ሁሉም ተገለጠልኝ። ከእንቅልፍህ ደንዝዘህ ስትነቃ፣ ልብስህ ረጥቦ ስታገኘው፣ ካህናት ሕልመ ሌሊት ከሚሉት፣ ለዚያን ዕለት ከመቅደስ ከሚከለክለው ነገር ቆጠርኸው። አፉ የደማ ካህንም ሥጋ ወደሙን አይቀርብም። ስለዚህ ቀረህ። ሲደጋገምብህ፣ ጾምህን ብታጠብቅ ስግደትህን ብታበዛ አልቀር ሲልህ፣ ከእግዚአብሔር የተጣልህ መሰለህና ራስህን ከመቅደስ አወጣህ። ጋፋት ያለችው «አንዲት» ጅረት ነበረች። የንስሐ አባትህ ቀድመውህ ዐርፈዋልና ምን እንዳሉህ የሚነግረኝ የለም። ሌሊቱን ሙሉ መቆምህ በሽታውን ይቀሰቅሰው እንደ ነበር ግን ማን ይንገርህ? እንቅልፍ ማጣት ይህን በሽታ እንደሚጠራው ሐኪሙ ነግሮኛል። አንተ ንስሐ ብለህ ባደርህ ቁጥር ጠዋት ይመጣብህ ነበር።

እኔም ከደብረ ታቦር በዓል ወዲህ የስንዱን ጠዋቶች የምጽፍበት ደብተር ነበረኝ። አምጥቼ ከወረቀትህ አጠገብ ዘረጋሁት። ምላስ፣ የራሰ ልብስ፣ የዛለ አካል፣ ያልተኙበት ሌሊት። ሁለት ተማሪዎች አንዱ ከአንዱ የቀዱ ቢመስሉኝ ቀጥቼ አስነሣቸው ነበር፤ እንዲያ ነው የተመሳሰሉት።

ባሕር ዳር ላይ ስንዱ ሽቦው ሥር እንቅልፍ ወሰዳት። መጀመሪያ መስመሩ ዝግ ብሎ ይሄድ ነበር። ከዚያ ድንገት፣ እርሳስ ገና እንደ ጨበጠ ሕፃን፣ እየዘለለ እየሾለ ጻፈ። ስንዱ አልተንቀሳቀሰችም፣ ወረቀቱ ግን ተናገረ። ሐኪሙ ውጤቱን ሲያይ ወረቀትህን ሰጠሁትና «በቤተሰብ የለም ያልሁህ ስሕተት ነው፤ ይኸው እርማቱ» አልሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው። «እማማ፣ እኚህ ሰው ሐኪም ነበሩ?» አለኝ። «ቄስ ነበሩ» አልሁት። ዐሥራ ሦስት ዓመት በአፌ ያልወጣ ቃል ነው። አንተ እንደ ኃጢአት የመዘገብኸውን እርሱ እንደ ሕመም ታሪክ አነበበው፤ «ከዚህ የተሻለ መረጃ በሽተኛ አምጥቶልኝ አያውቅም» አለ።

አንድ ነገር ደግሞ ጠየቅሁት። በፍልሰታ ሰዓታት ቆመህ አድረህ ጠዋት መደቡ ላይ በግንባርህ እንደ ተደፋህ ነው ያገኘሁህ። ሰው «ሳይሠቃዩ ዐረፉ» አለኝ። በሽታው ይሆን ወይ አልሁት። «ያላየሁትን አልፈርድም፤ ይህ በሽታ በእንቅልፍ ሳለ ሰው የሚወስድበት ጊዜ አለ፣ እርሳቸው በዚያ ሄደው እንደ ሆነ ግን ዛሬ ማንም ሊያውቅ አይችልም» አለኝ። ያየውን የሚናገር፣ የማይገምት ሰው ነው። አከበርሁት። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የስንዱ በር አይዘጋም።

ስንዱ ማታ ማታ ኪኒኗን ከራት በኋላ ትውጣለች። አንድ ቀን እንኳ እንዳትዘል፣ ተሻለኝ ብላም እንዳትተው ተነግሯታል። ጠበሉንም አልተወችም፤ ሐኪሙ «ጠበሉን ይጠጡ፣ ኪኒኑን አይተዉ» ነው ያለው። ማኅሌት አታድርም፣ ተኝታ ነግቶ ትደርሳለች። ቢመጣባት ወደ ጎን አዙሬ ማስተኛት፣ በአፏ ምንም አለመክተት፣ ሰዓት ማየት ተምሬአለሁ። እትዬ ዘርፌንም አስተምሬአታለሁ፤ ክብሪቷን ለምድጃዋ ብቻ ታውለዋለች። ዘጠኝ ወር ሙሉ አንሶላ የተሰጣው ቅዳሜ ብቻ ነው።

የቀረኝ የአንተ ነገር ነበር። በቀብርህ ቀን አለቃው ወደ እኔ መጥተው በካህን ሥርዓት እንፍታቸው ወይ ብለው በቀስታ እንደ ጠየቁኝ አታውቅም። «እኔ የማውቀው ነገር የለም» አልኋቸው። በዚያ ቃሌ እንደ ምእመን ተቀበርህ። በመቃብርህ ድንጋይ ላይም «ይርጋ» ብቻ ብዬ አስጻፍሁ፤ ያልተረጋገጠ ማዕርግ አልጽፍም ብዬ። በትክክለኛነቴ ኮርቼ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

ባለፈው ሰንበት፣ ሰንበቴው ተበልቶ ሰው ሳይበተን፣ ተነሥቼ ወረቀትህን አነበብሁ። ሁሉንም፣ ጋፋትን ጭምር፣ «አንቱ አለችኝ» የሚለውንም ጭምር። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፣ ንባብ ነውና። አለቃው አርጅተዋል፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡና «እርስዎ ዝም ሲሉ እኛም ዝም አልን፤ ሁላችንም በድለናቸዋል። ሕመም ከመቼ ወዲህ ነው ክህነት የሚያፈርስ?» አሉ። ሰው ሲወጣ ሁለት ሴቶች ለብቻ ጠብቀው ያዙኝ። አንደኛዋ ልጇ፣ ሁለተኛዋ ባሏ ጠዋት ምላሱ ቆስሎ ይነሣል። የሐኪሙን ክፍል ቁጥር ጻፍሁላቸው። ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው እንዲያነበው የፈለግሁትም ለዚሁ ነው።

በአርባኛው ቀን ሳይሆን በዐሥራ ሦስተኛው ዓመት፣ ካህናቱ መቃብርህ ላይ በካህን ሥርዓት ፍትሐት ደገሙልህ። ከዚያ ድንጋይ ጠራቢውን ወሰድሁት። ከስምህ ፊት የነበረው ቦታ ጠባብ ነበር፤ መጀመሪያ ስጽፍ ቦታ አልተውሁልህምና። «ቄስ» የሚለውን አጥብቦ፣ ከመስመሩ ትንሽ ከፍ አድርጎ ቀረጸው። ሰውየው አፍሮ «መምህርት፣ ተጣመመብኝ፣ ድንጋዩን ልቀይረው?» አለኝ።

ይርጋዬ፣ በሕይወቴ የተጣመመ ፊደል አይቼ ያለፍሁት ይህን ብቻ ነው። ተወው አልሁት። ዘግይቶ እንደ ገባ ይታይ። ዓይኔ እስኪጠፋ በየወሩ እየመጣሁ አነበዋለሁ፤ ዓይኔ ሲጠፋ በጣቴ እዳስሰዋለሁ። ወረቀትህን ወደ ማኅደሩ መልሼዋለሁ። ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሬበታለሁ፤ በእኔ እጅ የተጻፈ ነው፦ «ዛሬ ጠዋት ስንዱ ነቃች። አልጋዋ ደረቅ ነው።» ይህንንም በነቃሁ ቁጥር በልቤ እደግምልሃለሁ።

ባለቤትህ
እናኑ
ደብረ ታቦር